ከለምለሙ ሥዕል ሥር

በአንድ ወቅት፣ የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ከግንቡ ሳይወጣ አገሩን በሥዕል ብቻ ያይ በነበረበት ዘመን፣ ሩዪ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ የቤተ መንግሥቱን ሥዕሎች በሐር ላይ መለጠፍ ነው። ታላቅ ወንድሟ ዌንካይ ሠዓሊ፣ ታናሿ ፓን ደግሞ በዙፋኑ ፊት ሥዕል የሚዘረጋ ጃንደረባ ነበሩ።

አንድ ዓመት ወንዙ ገንፍሎ ደቡቡን ጠራርጎ ወሰደው። ንጉሡ ዌንካይን «ያየኸውን ሥለህ አምጣልኝ» ብሎ ላከው። የጎተራው ሹም ግን ጎተራው እንዳይከፈትበት ሲል ለብቻው ጠርቶ፣ «ለምለም አድርገህ ካልሣልከው ራስህን አታገኘውም» አለው።

ዌንካይ ከስቶ ተመለሰ። እንደታዘዘውም ለምለም አገር ሣለ። ቀጥሎ ግን በሩን ዘግቶ ያየውን ሣለ፦ የዛፍ ልጣጭ የሚግጡ ልጆች፣ ቀባሪ ያጣ ሬሳ፣ በየጣሪያው የሰፈረ ቁራ።

«ለጃንሆይ የሚደርሰው ይኼኛው ነው» አላት ለሩዪ።

«የሹሙ ሰዎች የቤተ መንግሥቱ በር ላይ ይይዙታል። አንተም ትሞታለህ፤ ሥዕሉም ይቃጠላል።»

«ይሁና!»

እሷ ግን እሺ አላለችም። ሳትነግረው ለምለሙን ሥዕል በእውነተኛው ላይ በስሱ የሩዝ ሙጫ ለጠፈችው። ሁላችንም ካለፍን በኋላ፣ ሙጫው ሲለቅ፣ አንድ ሰው ያየው ይሆናል ብላ ተጽናናች። ምስጢሩን የነገረችው ለፓን ብቻ ነበር።

ሥዕሉ በቀረበ ዕለት ሦስቱም አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ንጉሡ አይቶ ፈገግ አለ። «እንዲህ ከለማማ ጎተራ መክፈት ለምኔ?» ሲል ሹሙ «እውነት ነው ጃንሆይ» ብሎ እጅ ነሣ።

ፓን የንጉሡን የሻይ ስኒ አንሥቶ ሥዕሉ ላይ ደፋው። የራሰውንም ለምለም ሥዕል በጥፍሩ ይዞ ገሸለጠው።

ንጉሡ ከሥር የወጣውን ሥዕል ጠጋ ብሎ አየ። ከዚያ ጎተራው እንዲከፈት፣ ሹሙም እንዲታሰር አዘዘ። ወዲያው ፊቱን ሥዕሉን ወደ ሣለው፣ ወደ ለጠፈችውና ወደ ዘረጋው አዞረ።

«ደቡቡን ያዳነልኝ ካባ ይለብሳል። በገዛ አዳራሼ ያታለለኝ በሰይፍ ያልፋል። ሦስተኛው ቤቱ ይግባ። ማን ማን እንደሆነ የፍርዱ ከበሮ ሳይመታ ንገሩኝ።»

«ሐሰቱን የሣልኩት እኔ ነኝ፤ ሰይፉ የኔ ነው» አለ ዌንካይ።

«ጋሼ፣ ተው! ሳላማክር ሁላችሁንም ለሰይፍ የዳረግሁ እኔ ነኝ» አለ ፓን።

ሩዪ ልትናገር ወደ ፊት ራመድ አለች። በበሩ በኩል ሰያፊው ሰይፉን በጨርቅ ሲወለውል ታየዋለች። እሷ ሸፍና ባታስገባው ኖሮ ሥዕሉ አመድ ነበር፤ የንጉሡን ዓይን የሸፈነችውም እሷው ናት። ከሁለቱ የትኛውን ትናገር?

ከበሮ መቺው በትሩን አነሣ።

እናንተ የሰማችሁ፣ እስቲ ፍረዱ፦ ካባው ለማን ይገባል? ሰይፉስ ለማን?