የአንድ ልጅ መድኃኒት

በአንድ ወቅት፣ ሰሊጥና ማሽላ በሚበቅልበት ቆላ፣ ከወንዝ ማዶ አንዲት መንደር ነበረች። የመንደሯን ልጆች አንድ ትኩሳት ይይዛቸዋል፤ ከያዘ አይለቅም። ሆዳቸው እንደ ቅል ይነፋል፣ እጅና እግራቸው እንደ አገዳ ይቀጥናል፣ ከዚያ ይሞታሉ። ሐኪሞች ካላዛር ይሉታል። በሽታውን ሊያጠና ዶክተር ምንተስኖት የሚባል ሰው መጣና ከመንደሩ ዳር ድንኳን ተከለ። መድኃኒት ይዞ ነበር የመጣው፤ ግን የወሰዱት ልጆችም ይሞቱበት ጀመር።

«ሁለት ነገር ማወቅ አለብኝ» አለ። «በሽታውን የሚያመጣው ዝንብ የት እንደሚኖር፣ መድኃኒቱስ ለምን እንደማያድን።»

«ዝንቡን እኔ እጠራዋለሁ» አለች ውዳላት የምትባል ሴት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ልጇን እንዳዘለች፣ ግራር ሥር በተሰነጣጠቀው ዋልካ አፈር ላይ ትቀመጥና ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ትሰበስባለች። ዝንቡ እግሯ ላይ ሲያርፍ በብልቃጥ ትከድነዋለች። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች ይሥቁባታል።

«ባልሽ በቀን አይቶት የማያውቀውን ቅልጥም ዝንብ ጠገበው።»

«ዝንቡስ ያመሰግናል» ትላቸዋለች።

ዝንቡ ከግራሩ ሥር፣ ከመሬቱ ስንጥቅ እንደሚወጣ በእሷ ታወቀ። ልጆች ሲመሽ ወደዚያ እንዳይሄዱ ተከለከሉ፤ ብዙ ልጅም ተረፈ። የእሷን ልጅ ግን፣ ያንን ጀርባዋ ላይ የነበረውን፣ ትኩሳት ያዘው።

«እዚያ ግራር ሥር ነው የተነከሰው?» ብላ ዶክተሩን ጠየቀችው።

«አላውቅም» አላት። ሲናገር ግን መሬት መሬት ያይ ነበር።

ይታይሽ የምትባል ሌላ ሴት ነበረች። ትልቋ ልጇ መድኃኒቱን እየወሰደች ሞተችባት። ልጅቱ ሳትገነዝ ዶክተሩ መጣና፣ ከጣፊያዋ በመርፌ ትንሽ እንዲወስድ ለመናት። በዚያ መንደር ሬሳ አይወጋም፤ የተወጋ በሰማይ ቤትም ይደማል ይባላል። ይታይሽ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች።

«ውሰድ» አለች።

ለቅሶ የደረሳት ሰው አልነበረም። እሳት ልትጭር ብትሄድ እንኳ ጎረቤት በሩን ዘጋባት። ከዚያች መርፌ ግን ዶክተሩ ይዞት የመጣው መድኃኒት የበሽታውን ተውሳክ እንደማይገድል ታወቀ። ወዲያው ደግሞ የቀረቻት ታናሺቱ ልጇ ታመመች።

ዶክተሩ አዲስ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት የታመመ ልጅ እንዳለ በየቤቱ ጠየቀ። አንጓች የምትባለው ሦስተኛዋ ሴት የታመመ ልጇን ባዶ ጎታ ውስጥ ደበቀችው። በአገሩ ልጅ አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ይጎድላል ይላሉ።

«የታመመ የለኝም» አለችው።

ስለዚህ መድኃኒቱ የታዘዘው ለሁለት ልጅ ብቻ ነበር፤ ለውዳላትና ለይታይሽ ልጆች።

መኪናው መድኃኒቱን ይዞ ሲደርስ ወንዙ ሞልቷል። ሾፌሩ ከማዶ ሣጥኑን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ወንዶቹ ከዚህ ሆነው ያያሉ። አንጓች የባሏን በሬ ፈታች፣ ጅራቱን ይዛ ውሃው ውስጥ ገባች፣ ተሻገረችም። ሣጥኑን በነጠላዋ አናቷ ላይ አሥራ ስትመለስ፣ መሀል ላይ በሬው ተደናቀፈ። እሷንም ሣጥኑንም ውሃው ከድንጋይ ጋር አጋጫቸው። ግንባሯ እየደማ ድንኳኑ ደረሰች። ሣጥኑ ሲከፈት ግማሹ ብልቃጥ ተሰብሯል። የተረፈው ለአንድ ልጅ የሚሆን ነው።

ልጇን ከጎታው አውጥታ ያመጣችው ያን ጊዜ ነው።

«እንግዲህ አካፍላቸው» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ከተካፈሉት አንዱንም አያድንም» አለ ዶክተሩ። «ወንዙ ሳይጎድል ሌላ አይመጣም። እስከዚያ ደግሞ የሚቆዩ አይመስለኝም።»

ውዳላት ቀድማ ተናገረች። «የእኔ ልጅ የታመመው የእናንተ ልጆች እንዳይታመሙ ብዬ ስቀመጥ ነው።»

«መድኃኒቱ የታወቀው ከልጄ ሆድ ነው» አለች ይታይሽ። «አንዷን ብቻዬን ቀበርኩ። ከዚህች ሌላ የለኝም።» ወደ አንጓች ዞረች። «ላንቺ ልጅስ መቼ ታዘዘለት? የሰበርሽውስ የማንን ነው?»

አንጓች ግንባሯን በእጇ ጫን አድርጋ ይዛለች።

«ሰብሬያለሁ፣ እቴ። ግን የተረፈው ብልቃጥ እጄ ላይ ነበር። ለወንዙ ከድንኳኑ ይልቅ ቤቴ ይቀርባል። ለልጄ ላስቀረው ስችል፣ ቤቴን አልፌ ወደዚህ መጣሁ።»

ዶክተሩ እጁን ታጠበ፤ እንደገና ታጠበ። መርፌውን ሞላ። ሦስቱ ልጆች አንድ ሰሌን ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ትንፋሻቸው አይለይም። ወንዙ ከውጭ ይጮኻል። አንዱን ልጅ ሳል ያዘው፤ ሦስቱም እናቶች ብድግ አሉ።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው። መርፌው በእናንተ እጅ ቢሆን፣ የማንን ልጅ ክንድ ትይዙ ነበር?