ትብለጥን አላውቃትም ያለው ፕሮግራም

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ እናንተ «እህ» በሉ፣ እኔ ልናደድ።

ደብሪቱ የምትባል እናት ነበረች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለልጇ ለትብለጥ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት። ልጅቷ ደረቷ እያፏጨ የሆስፒታሉ ፋርማሲ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። መድኃኒቱ ከመስታወቱ ጀርባ ይታያል፤ ክንድ ቢዘረጋ ይደረስበታል። ፋርማሲስቱ ግን ስሟን ኮምፒውተሩ ካላሳየኝ አልሰጥም አለ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ደብሪቱም ኮምፒውተሩን ለመነች። ፋርማሲስቱ አልሰጥም ብሏልና እባክህ ስሟን አሳየው አለችው። ኮምፒውተሩ ኦብጀክቷ ካልመጣልኝ አላሳይም አለ። ኦብጀክት ማለት ፕሮግራሙ ሰውን የሚያውቅበት መልክ ነው፤ ያለሱ አጠገቡ ብትሞቱም አያያችሁም።

ኦብጀክቱን ጠራችው። ፋርማሲስቱ አልሰጥም፣ ኮምፒውተሩ አላሳይም ብለዋልና ና አለችው። እሱም ለዋጩ ካልሠራኝ ከየት ልምጣ፣ አልመጣም አለ።

ወደ ለዋጩ ሄደች። የለዋጩ ሥራ ልጅቷ ከተወለደችበት ጤና ጣቢያ የመጣውን የኤክስኤምኤል ፋይል አንብቦ ኦብጀክት ማድረግ ነው። በፋይሉ ላይ ሁሉም ነገር በየስሙ ታጥሮ ተቀምጧል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ወር። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያነበዋል። ፋርማሲስቱ አልሰጥም፣ ኮምፒውተሩ አላሳይም፣ ኦብጀክቱ አልመጣም ብለዋልና ለውጥ አለችው። ለዋጩ የትውልድ ወሯ አሥራ ሦስት ይላል፣ ደንቡ ደግሞ ከአሥራ ሁለት በላይ አይፈቅድም፣ እሱ ካላሳለፈ አልለውጥም አለ። ልጅቷ በጳጉሜን ነው የተወለደችው፤ ይህ ምን ጥፋት ሆነ?

ደንቡን ለመነችው። ፋርማሲስቱ አልሰጥም፣ ኮምፒውተሩ አላሳይም፣ ኦብጀክቱ አልመጣም፣ ለዋጩ አልለውጥም ብለዋልና አሳልፍ አለችው። ደንቡም አሥራ ሁለት ብሎ የጻፈኝ ፕሮግራመሩ ነው፣ እሱ ካላስተካከለኝ አላሳልፍም አለ።

ፕሮግራመሩ ክንፈ ሻዩን ያማስላል። ፋርማሲስቱ አልሰጥም፣ ኮምፒውተሩ አላሳይም፣ ኦብጀክቱ አልመጣም፣ ለዋጩ አልለውጥም፣ ደንቡ አላሳልፍም ብለዋልና አስተካክለው አለችው። ክንፈ ነገሩ የአንድ ቁጥር ጉዳይ መሆኑን አምኖ፣ አለቃዬ ካላዘዘኝ ግን አልነካም አለ። እያወቀ እኮ ነው!

ወደ አለቃው ወደ አቶ ጥጋቡ ገባች። ፋርማሲስቱ አልሰጥም፣ ኮምፒውተሩ አላሳይም፣ ኦብጀክቱ አልመጣም፣ ለዋጩ አልለውጥም፣ ደንቡ አላሳልፍም፣ ፕሮግራመሩ አልነካም ብለዋልና ይዘዙልኝ አለችው።

«አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር የለም» አለ አቶ ጥጋቡ። «የተወለደችበት ሄደሽ መስከረም አስብለሽ ነይ፤ አለዚያ አላዝም።»

ይህን የሚለው በየዓመቱ በጳጉሜን የሩፋኤል ዝናብ ሲወርድ ደጅ ወጥቶ የሚጠመቅ ሰው ነው። እኔ ብሆን ጠረጴዛውን እገለብጥበት ነበር። ደብሪቱ ግን ረጋ ብላ ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ ጠየቀችው። ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አየና ጳጉሜን ሁለት አላት።

«ታዲያ ወሩ ከሌለ እርስዎ ዛሬ የት ነዎት?» አለችው። «ልጄስ እስከ መስከረም ትንፋሿን ይዛ ትቆይ?»

አቶ ጥጋቡ ስልኩን አነሳ። አለቃው አዘዘ፣ ፕሮግራመሩ አስተካከለ፣ ደንቡ አሳለፈ፣ ለዋጩ ለወጠ፣ ኦብጀክቱ መጣ፣ ኮምፒውተሩ አሳየ፣ ፋርማሲስቱ ሰጠ፣ ትብለጥ ሳበች። ፉጨቱም ቀስ በቀስ ቆመ።

ሊወጡ ሲሉ አቶ ጥጋቡ ደጅ ድረስ መጥቶ ትዕግሥት ጥሩ ነው አላት። ደብሪቱ አላመሰገነችውም፤ ልጇን አዝላ ሄደች።

ተረቴ ይኸው ነው። የእኔን አፍ በጨው አታብሱ፤ ጨዉ ለአቶ ጥጋቡ አፍ ይሁን።