ጠበቃ የሆነው ጉድጓድ ቆፋሪ

አንድ ጊዜ፣ ጆሮው የአህያ፣ አፍንጫው የአሳማ የሚመስለው አዋልዲጌሳ ጉድጓድ መቆፈሩን ትቶ ጠበቃ ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ ጥሩ ጥሩ ጉድጓድ ቆፍሯል፤ አፈሩን ከላዩ አራግፎ ሳይጨርስ ግን አያ ጅቦ እየገባ ይተኛበት ነበር። በመጨረሻ፣ መቆፈር የሚችል ሞልቷል፣ የጠፋው ለቆፋሪ የሚናገር ነው ብሎ ወደ አንበሳ ችሎት ሄደ። አውሬው ሁሉ ሳቀበት። ቀበሮማ «ጥፍሩ ቢደነዝዝ ምላሱን ሊስል መጣ» እያለ አሽሟጠጠው። እሱ ግን አልከፋውም፤ ሥራውን ወዶታል።

የመጀመሪያ ደንበኛው እመት ጃርት ነበረች። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ጉድጓዷ እየገባ ልጆቿን ሊፈጅባት ይደርስ ነበር። አስባ አስባ፣ ከበሩ ወደ ውስጥ ሽቅብ የሚወጣ፣ መኝታው ከበሩ በላይ የሆነ ጉድጓድ ሠራች። ውሃ ሽቅብ አይሄድምና ልጆቿ ደረቅ አፈር ላይ ማደር ጀመሩ። ይህን ያየ አያ ጅቦ አስወጥቷት ገባ። ቀበሮን ጠበቃ አቁሞም «የኔ ፈጠራ ነው» ብሎ ተሟገተ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ የጃርት ልጆች ሜዳ ላይ ናቸው።

አዋልዲጌሳ ጉድጓዱን በአፍንጫው እያሸተተ አየና፣ እኔ የምጠይቅልሽ ሽቅብ መውጣቱ ያንቺ ፈጠራ እንዲባል ብቻ ነው አላት። ጃርት እሾኋን አቆመች።

«ለመሆኑ ጠበቃነትህ ለኔ ነው ለጅብ?»

«እመት ጃርት፣ ጉድጓድማ እኔም ስቆፍር ኖሬያለሁ፤ አያቴም ቆፍሯል። ሁላችንም ግን ቁልቁል ነበር። ሽቅብ ያሰብሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ያንቺ የሆነውን ብቻ ይዘሽ ቁሚ፤ ማንም አይነቀንቅሽም።»

አንበሳ ችሎት ተቀምጦ ሁለቱንም የየራሳቸውን ለይተው እንዲናገሩ አዘዘ። አዋልዲጌሳ የጃርት ፈጠራ ሽቅብ መቆፈሩ ብቻ ነው ብሎ ባጭሩ ጨረሰ። ጅብ ይህን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ፤ ጃርት ትንሹን ስትጠይቅ ትልቁ ለሱ የተረፈ መሰለው። ቀበሮ በክርኑ ቢጎስመውም አልተመለሰም።

«ጌታዬ፣ መሬት ውስጥ የተቆፈረ ሁሉ የኔ ፈጠራ ነው» አለ።

አዋልዲጌሳ ቀስ ብሎ ጠየቀው። «ከርከሮ የሚያድርበትም?»

«የኔ ነው።»

«የቀበሮ ልጆች የተኙበትም?»

«እሱማ ምን ይጠየቃል! ዛሬውኑ እረከበዋለሁ።»

ቀበሮ ከጅብ ጎን ተነሥቶ ወደ ጃርት በኩል ተሻገረ። «ጌታዬ፣ የዚህ የጅብ ጥፍር አፈር ነክቶ አያውቅም። ምን እንደሚል ያስጠናሁት እኔው ነኝ» አለ።

አንበሳም ጉድጓዱ ለጃርት እንዲመለስ፣ ሽቅብ መቆፈር የሚሻም እሷን እንዲያስፈቅድ ፈረደ። ዝናቡ ሲወርድ ልጆቿ ገብተው ነበር። ጃርት ተደስታ፣ ቁፋሮውን በመተውህ አይቆጭህም ወይ ብላ ጠበቃዋን ጠየቀችው። እሱም ሳልቆፍር ኖሬ ቢሆን ሽቅቡን መች አየው ነበር አላትና፣ እሷኑ አስፈቅዶ ለራሱ አንድ ሽቅብ የሚወጣ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ።

ከዚህ የምንማረው፣ የራሱን ለይቶ የጠየቀ እንደሚያገኝ፣ ሁሉ የኔ ነው ያለ ግን ከጎኑ የቆመለትንም እንደሚያጣ ነው።