የሸህ ዙበይር የዱር ጎረቤት

ከደጋ ወደ ቆላ በሚወርደው የነጋዴዎች መንገድ ላይ፣ መስጂዷ ከገበያዋ የሚበልጥ አንዲት ጥንታዊ ከተማ ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቿ ዛሬም ቶሎ ይቆጣሉ። በዚያች ከተማ ዒልምን ከዒባዳ፣ ዕውቀትን ከአምልኮ፣ አምልኮንም ከዝምታ ጋር ያጣመሩ ሸህ ዙበይር የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ከተማዋ በሳቸው ትኮራ ነበር። የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነው። የወንዝ ማዶዋ ከተማ ሸህ ለብቻቸው ተገልለው ኸልዋ በገቡ ጊዜ አንበሳ እግራቸው ሥር ተኝቶ አደረ ይባላል፤ የኛው ሸህ ግን በአውሬ ረገድ የሚነገርላቸው አንዳችም ነገር አልነበረም። ይህ ለአንዲት የተከበረች ከተማ ቀላል ሐፍረት አይደለም።

ታዲያ ሸሁ በስተርጅናቸው ከሰው ርቀው ጌታቸውን ሊያወሱ አሰቡ። በጥድና በወይራ ጫካ ውስጥ፣ ከምንጭ አጠገብ ያለች ዋሻ መረጡ። ስንቃቸውን ተሸክሞ ያደረሳቸው ኻዲማቸው አራጋው ነበር፤ ሸሁን ብዙ ዘመን ያገለገለ፣ ስለ ሸሁ ክብር ከሸሁ ይልቅ የሚጨነቅ ጎልማሳ ነው።

«ሸኻችን፣ እንግዲህ አንበሳም ሆነ ነብር ቢመጣ አያባርሩት» አላቸው።

«እኔ የመጣሁት ለዚክር ነው፣ አራጋው።»

«እሱማ ነው። ብቻ፣ ቢመጣ ማለቴ ነው።»

የመጣችው ከርከሮ ነበረች።

አንባቢዬ ይቅር ይበለኝ። በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ውስጥ ሻል ያለ እንስሳ ለማስገባት ብዙ ደከምኩ፤ አልሆነም። ጥርሷ ወደ ላይ የተቆለመመ፣ ፊቷን ኪንታሮት የወረሰው፣ ስትሮጥ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ የምታቆም ከርከሮ ናት። ጉድጓዷ ከዋሻው ፊት ለፊት ነበር። ሸሁ ለሶላት ታጥበው ውዱእ ከሚያደርጉበት ምንጭ ልጆቿን አስከትላ ትጠጣለች፤ ጠጥታም ጭቃው ላይ ትንከባለላለች። ሸሁ «አዑዙ ቢላህ!» ብለው በድንጋይ ያባርሯታል። ትሄዳለች፤ ትመለሳለች። ስለ ሰብር፣ ስለ ትዕግሥት፣ ኪታብ የሚያቀሩት ሸህ ሰብራቸው አለቀ። አንድ ቀን የወረወሩት ድንጋይ ጎኗን አገኛትና ጮኸች። ሸሁ ውሃው እስኪጠራ ጠብቀው ውዱኣቸውን አደረጉ።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ቀን፣ ምንጩ ዳር የከሰዓቱን የዐስር ሶላት ሰግደው ለማሳረጊያው ሲያሰላምቱ፣ ፊታቸውን ወደ ቀኝ ቢያዞሩ ነብር አዩ። ቢሆንም ወደ ግራም ዞረው ሶላታቸውን ፈጸሙ። በዚህ የሃይማኖት ሊቃውንቱ፣ ዑለማዎች፣ እጅግ ያደንቋቸዋል፤ እሳቸው ግን ሲጠየቁ «አንገቴ ልማዱ ሆኖበት ነው እንጂ እኔስ አልነበርኩም» ይሉ ነበር።

ነብሩ ሆዱን መሬት አስነክቶ እየተሳበ ቀረበ። ሸሁ የመጨረሻ ቃላቸው እንዲሆን ሸሃዳ ሊይዙ አፋቸውን ከፈቱ። በዚህ መሐል ቁጥቋጦው ተሰነጠቀና ከርከሮዋ ጅራቷን አቁማ፣ ከገደል እንደተለቀቀ ግንድ ነብሩ ላይ አረፈችበት። ነብሩ የፈለገው ሸሁን ይሁን ግልገሎቿን፣ እሷስ የተዋጋችው ለማን ይሁን፣ አላሁ አዕለም፤ የሚያውቅ አላህ ነው። ብቻ ነብሩ ጎኑ ተተርትሮ ጫካው ውስጥ ገባ። እሷ እያለከለከች ቆመችና ሸሁን አየቻቸው። ድንጋዩን የምትጠብቅ ትመስል ነበር።

ሸሁ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። በዚያ ዱር ውስጥ ከማን እንደሚሸሸጉ ግን አላወቁም።

ወደ ከተማ ሲመለሱ ሕዝቡ በመንዙማ ተቀበላቸው። የመስጂዱ ግቢ ጢም ብሎ ሞላ።

«ነብር መጣብኝ» አሉ ሸሁ። «አላህም በአንዲት አውሬ አዳነኝ።»

«በአንበሳ!» ብሎ ጮኸ አራጋው።

«አላሁ አክበር!» አለ ጀማዓው።

ሸሁ ሊያርሙ አፋቸውን ከፈቱ። ያን ሁሉ የተደሰተ ፊት አዩና መልሰው ዘጉት።

አንበሳው ከተማ ውስጥ ተመቸው። ሰንበት ሲል ጋማው ረዘመ፤ ሲከርም ሰላምታ መለሰ። ልጃገረዶች ግጥም ገጠሙለት። ወንዝ ማዶ ገበያ የወረደ የኛ ሰው ሁሉ «የናንተው እኮ ተኝቶ ነው ያደረው፤ የኛው ተዋግቷል!» እያለ ይመለስ ነበር። ሸሁ ግን ከምግብ ራቁ። እውነቱን የነገሩት ለባለቤታቸው ለእመት ዚነት ብቻ ነበር።

«ታዲያ ለሰዉ ለምን አይናገሩም?» አሏቸው እመት ዚነት።

«አፍሬ ነዋ።»

«በሷ ነው ወይስ በራስዎ?»

«መጀመሪያ በሷ ነበር።»

«ስለ እውነተኝነት ሲያስተምሩ ድምፅዎ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። እውነቱን ለሚስት ብቻ ሹክ ማለትስ የትኛው ኪታብ ላይ ነው ያለው?»

በዚህ መሐል አራጋው እየሳቀ ገባ። «ሸኻችን፣ ቦታውን ለዚያራ ለሚመጣው ተሳላሚ እያጸዳንልዎት ነው! አንዲት ከርከሮ ከነልጆቿ እዚያው ሰፍራለች፤ ያ አንበሳ በቆመበት ቦታ፣ ያስቡት! ጎበዞቹ ጦር ይዘው ወጥተዋል፤ እኔም ጦሬን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ሸሁ ጥምጥማቸውን ሳያደርጉ፣ በቅሎም ሳያስጭኑ ወጡ። አራጋው ጦሩን ይዞ ከኋላ እየተከተለ እንዲመለሱ ለመናቸው፤ አልሰሙትም። ሲደርሱ ጎበዞቹ ጉድጓዱን ከበው፣ አፉ ላይ ጭስ ሊያጨሱ ቅጠል ይከምሩ ነበር። ሸሁ ቅጠሉን በእግራቸው በትነው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ።

«ኧረ ገለል ይበሉ ሸኻችን! ትዘነጥልዎታለች፤ ነክታም በነጃሳ ታረክስዎታለች!» አሉ ጎበዞቹ።

«አንበሳው እሷ ናት» አሉ።

አንዱ ጎበዝ የያዘውን ቅጠል ጣለ።

«እንዴት ማለትዎ ነው?»

«ነብሩን ያባረረችው እሷ ናት፤ እኔ በድንጋይ ስደበድባት ከርሜ። አንበሳ ስትሉ ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ዋሸሁ።»

«ለትሕትና ነው እንዲህ የሚሉት» ብሎ አንዱ አንሾካሾከ።

«ወላሂ!» አሉ ሸሁ።

አራጋው ጦሩን መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈው፤ እንባው መጥቷል። «እሺ ሸኻችን፣ አንበሳስ ይቅር፤ ጃርት እንኳ ብትሆን ምን ነበረበት? አሁን ወንዝ ማዶ ምን ብለን ነው የምንወርደው?»

ሸሁም አሉት፦ «ልጄ፣ በማን እንደምድን ምርጫው ለኔ ተትቶልኝ ቢሆን ኖሮ፣ ነብሩ በልቶኝ ነበር።»

ጎበዞቹ ጦራቸውን ወደ መሬት ዘቅዝቀው፣ አንዱ የሌላውን ዓይን ሳያይ ወረዱ።

ዑለማዎቻችን በዚህ ቃል ላይ ብዙ ተነጋግረዋል። ሥጋዋ ሐራም መሆኑ ውለታዋን ሐራም አያደርገውም ያሉ አሉ፤ የጎረቤት ሐቅ ለአውሬም ይደርሳል ያሉም አሉ። የኔ ዕውቀት ትንሽ ናት። ነገር ግን በየሰርጉና በየሐድራው የዱዓ ጉባኤ ሰው ተነሥቶ ከመከራ የዳነበትን ሲናገር እሰማለሁ። «ጎርፍ ሲወስደኝ አላህ አወጣኝ» ይላል፤ እኛም «አልሐምዱሊላህ» እንላለን። እጁን ይዛ የጎተተችው ሸክላ ሠሪ በር ላይ ቆማ ትሰማለች፤ ግቢ ያላትም የለም። አላህን ብቻ አመስግነን የምንቀመጠው ሁልጊዜ ከተውሒዳችን፣ አንዱን አምላክ ብቻ ከማምለካችን፣ ጥራት አይደለም። አንዳንዴ የላከውን ሰው ስም መጥራት አፍረን ነው።