ማርዳ ከበሩ አልነሳ ያለች ቀን

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። እጁን ያልታጠበም ይቀመጥ፣ በኋላ ይታጠባል። አንዲት የሁለት ዓመት ተኩል ሰው አንድ ቤት ሙሉ ትልልቅ ሰው እንዴት እንዳስቆመች ልንገራችሁ። ይህች ሰው የእህቴ ልጅ ማርዳ ናት። እኔ አክስቷ ትርሲት ነኝ። በዚያ ቀን መሃል ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው ደግሞ የእኔው ትዳር ነበር።

ማርዳ የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፦ ሰማያዊዋን የፕላስቲክ ጆግ ይዛ እንግዳ ማስታጠብ። ወር ሙሉ ከእኔ ጋር ጓሮ ተለማምዳለች። የአሻንጉሊቷን እጅ አስታጥባለች፣ የእኔን እጅ አስታጥባለች፣ ከተያዘችላት የዶሮዋንም እግር። በቤታችን እንግዳ የሚያስታጥበው የቤቱ ትንሽ ነው፤ የቤቱ ትንሽ ደግሞ እሷ ናት። ይህን አሳምራ ታውቃለች።

የዚያን ዕለት እንግዶች ግን እንዲሁ ሊጠይቁን የመጡ አልነበሩም። ሦስት ሽማግሌዎች ከሐይቅ ደሴ ድረስ መጥተዋል፣ እኔን ለምወደው ለይርጋ ሊጠይቁ። ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለቱንም ጊዜ አባባ "ልጄ ገና ናት" ብለው መልሰዋቸዋል። ገና የተባልኩት ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው! ስልሳ ተማሪ በአንድ ክፍል ቀጥ አድርጌ የማስተምር ሰው ነኝ! ሽማግሌዎቹም ዛሬ ካልሆነ ለአራተኛ ጊዜ አንመጣም ብለዋል።

እንግዲህ ማርዳ ጆጓን ታቅፋ ከማድ ቤት ብቅ ስትል እናቷ የሻረግ ክው አለች።

"በስመ አብ! አምጪ ወዲህ! ሽማግሌዎቹ ላይ ልትደፊው ነው? አንቺ ገና ነሽ!" ብላ ነጠቀቻት።

ማርዳ እናቷን አየች። ባዶ እጇን አየች። ከዚያ ሳሎኑ በር ላይ ተዘረረች፤ ጩኸቷ ሦስተኛ ቤት ተሰማ።

የሻረግ ልታነሳት ሞከረች። ልጅቱ አጥንቷን የት እንዳደረገችው እንጃ፣ እንደ እርጥብ ልብስ ከእጇ ሾለከች። ተራምዳት እንዳታልፍ፣ ልጅ ከተራመዱት አያድግም። ጆጉን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ማርዳ ከበሩ አልነሳ አለች፤ ውሃው በበሩ አላልፍ አለ።

ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ፣ ጠብታ የለም። ማርዳ ከበሩ አልነሳ አለች፤ ውሃው በበሩ አላልፍ አለ፤ እጁ አልታጠብ አለ።

ድፎ ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ጉብ ብሏል። ባርከው የሚቆርሱት ከሽማግሌዎቹ የሁሉም ታላቅ ጋሽ ወርቅነህ ናቸው። "ባልታጠበ እጅ ምን ይባረካል?" አሉ። ማርዳ ከበሩ አልነሳ አለች፤ ውሃው በበሩ አላልፍ አለ፤ እጁ አልታጠብ አለ፤ ዳቦው አልቆረስ አለ።

አባባ ደግሞ የራሳቸው ሕግ አላቸው። "በእኔ ቤት ዳቦ ሳይቆረስ ቁም ነገር አይነሳም" ብለው ክንዳቸውን አጣጠፉ። በሆዳቸው ደስ ሳይላቸው አልቀረም፤ ሦስተኛውም ቀን ያለ እሺታ ሊመሽላቸው ነው። ማርዳ ከበሩ አልነሳ አለች፤ ውሃው በበሩ አላልፍ አለ፤ እጁ አልታጠብ አለ፤ ዳቦው አልቆረስ አለ፤ አባባ አልናገር አሉ።

እኔስ? እኔ ጓዳ፣ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ። የምትጠየቅ ልጅ መልስ ሳይሰጥ አትታይም፣ ድምጿም አይሰማም። "ጆጉን ስጧት!" ብል ሁሉም ነገር ያበቃል። ግን ብናገር አባባ "አያችሁ፣ ገና ሥርዓት አታውቅም" ይላሉ። ፈራሁ፤ ነጠላዬን ነክሼ ዝም አልኩ። ልጅቷ ስታለቅስ ዝም ማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል። ይርጋም ከመንገዱ ማዶ ሱቅ በር ላይ አራተኛ ለስላሳውን ይዞ ቆሟል። እንዲህ ሆነላችሁ፦ ማርዳ ከበሩ አልነሳ አለች፤ ውሃው በበሩ አላልፍ አለ፤ እጁ አልታጠብ አለ፤ ዳቦው አልቆረስ አለ፤ አባባ አልናገር አሉ፤ እኔ ከጓዳ አልወጣ አልኩ፤ ይርጋ ከሱቁ በር አልሄድ አለ።

ብስኩት ሰጧት፤ ወረወረችው። ስልክ ሰጧት፤ በእግሯ ገፋችው። ሁለተኛው ሽማግሌ "አያ ጅቦ መጣልሽ!" ቢሏት "ይምጣ!" አለች።

ያኔ ጋሽ ወርቅነህ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ መጡና ጋቢያቸውን ሰብስበው ከማርዳ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"ኧረ ጋሼ! ወለሉ ላይ!" አለች የሻረግ።

"ተይኝ ልጄ።" ወደ ማርዳ ጎንበስ አሉ። "እሜትዬ፣ ምን ከለከሉሽ?"

"ጆግ!"

"ምን ብለው?"

"ገና!"

"አይ! እኔንም እኮ ገና ብለው ከለከሉኝ። ሁለት ጊዜ! ስትጮሂ ስሰማ ቀናሁብሽ። እኔም እዚሁ ተዘርሬ ብፈራገጥ ደስ ባለኝ፤ ወገቤ እምቢ አለኝ እንጂ።"

ማርዳ ዝም አለች። ይህ ሰው ገብቶታል። አፍንጫዋን በጋቢያቸው ጠረገችና አየቻቸው። አባባ የጫማቸውን ጫፍ ሲያዩ ቆዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የሻረግ፣ ጆጉን ስጫት።"

ማርዳ ከበሩ ተነሳች! ውሃው በበሩ አለፈ፤ ግማሹ በጆጉ፣ ግማሹ በወለሉ። የሻረግ ሳፋውን ያዘች፣ እጁ ታጠበ፤ የጋሽ ወርቅነህ ካልሲም አብሮ ታጠበ። ማርዳ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ነክሳ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ አንዱን ሽማግሌ ስትጨርስ "ሌላ!" እያለች ዞረች። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ኩራቱ አላስቆም አለኝ፤ እንባዬ መጣ። የኔ ጀግና!

በመጨረሻ አያቷ ፊት ቆመች። አባባ እጃቸውን ዘረጉ፤ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። አንዲት ጠብታ ውጭ አልወደቀችም።

"ማን አስተማረሽ?" አሏት።

እጇ ስለተያዘ በአገጯ ወደ መጋረጃው አሳየች። "ቲቲ!" ትርሲት ማለቷ ነው።

አባባ እጃቸው ውሃ እያንጠባጠበ ወደ መጋረጃው አዩ። ዳቦው ተቆረሰ። አባባ ተናገሩ፦ "ሁለት ጊዜ ገና ናት ብያችሁ ነበር። ገና የነበርኩት እኔ ነኝ። ልጄ ከደረሰች ቆይታለች። ሰጥቻችኋለሁ።"

እልልታው ሲቀልጥ እኔ ከጓዳ ወጣሁ። ይርጋም ከሱቁ በር ሄደ፤ ጠርሙሱን ሳይመልስ እየሮጠ መጣ። በሩ ላይ ግን አንዲት ሰው መንገድ ዘግታ ጠበቀችው። ጆግ ይዛለች፤ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሷል።

"እጅ!" አለችው።

ሙሽራው ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ። አስታጥባው ስትጨርስ ገና በሩን ለቀቀችለት።

የእኔ ተረት እዚህ ላይ ፈሶ አለቀ። እናንተም እጃችሁን ዘርጉ፤ ማርዳ እየመጣች ነው።