የጥድማ ገብርኤል ሰባት ቀን

በጥድማ ገብርኤል ታኅሣሥ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ቅዳሴው ይቀደሳል እንጂ ታቦቱ አይወጣም። ሌላው አገር ሲያነግሥ የጥድማ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ጎረቤቶቹም «ጥድማ የሚያነግሠው ሌላው ጠላውን ሲጨርስ ነው» እያሉ ያሙታል። ከድንጋይና ከኖራ በተሠራው ትልቅ ጉልላት ሥር ደግሞ ምንም የማይሸከም አንድ የወይራ ምሰሶ ቆሟል።

ሽማግሌዎች እንደሚያወሱት፣ ጉልላቱን የሠራው ፈንታ የሚባል ግንበኛ ሲሆን፣ ድንጋዩ እስኪያያዝ ከሥር የሚደግፉትን ምሰሶዎች ያቆመለት ታናሽ ወንድሙ አድማሱ ነበር። የመጨረሻው ድንጋይ በኅዳር መገባደጃ ገባ፤ የዚያ ዓመት ውርጭ ግን ክፉ ነበርና ኖራው አልደርቅ አለ። ፈንታ ንግሡን ሰባት ቀን ብቻ እንዲያቆዩለት ለመነ። ጠላ ተጠምቆ፣ የየደብሩ ካህናት ተጠርተው፣ ማን ይስማው? ይባስ ብለው የዚያ ዘመን ሽማግሌዎች ካህን ከነመስቀሉ አስከትለው ደጁ ቆሙና «ስለ ገብርኤል ብለህ ድጋፉን አንሣልን» አሉት። በታቦት ስም የተለመነ ሰው እምቢ አይልም። ፈንታም ልቡ እያወቀ፣ ይሉኝታ ይዞት እሺ አለ፤ ያቺ እሺ ዕድሜ ልኩን ስታንገበግበው ኖረች።

በንግሡ ዕለት ሕዝቡ ሳይገባ አድማሱ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ አነሣ። የመጨረሻው ጋ ሲደርስ የወንድሙን ፊት አየና ሳቀበት።

«አይዞህ ጋሼ፣ አንተ የሠራኸው አይወድቅም።»

ምሰሶውን ሳይነካው የምሥራቁ ጎን ተናደበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ጥድማ ግን ያፈሰሰውን አልለቀመም፤ ለንግሥ የተጠመቀው ጠላ ለለቅሶ ተጠጣ።

ፈንታ ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ መዶሻ አልያዘም ይባላል። ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ መጡ፤ አሁን መስቀል አላስከተሉም። ጉልላቱን እንዲጠግን የፈለገውን እንደሚሰጡት ነገሩት።

«የከለከላችሁኝን ሰባት ቀን ስጡኝ» አለ።

«እንሰጥሃለን።»

«ለዘንድሮ ብቻ አይደለም።»

ጉልላቱን ሠርቶ ሲጨርስ ድጋፉን ሁሉ አነሣ፤ አድማሱ ያልነካውን ምሰሶ ግን እሱም ሳይነካው ተወው።

ዛሬም ታኅሣሥ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን የደብሩ አለቃ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው «ገና ነው» ይላሉ፤ ሕዝቡም ጎንበስ ብሎ ይወጣል። ኖራው ከደረቀ ስንት ዘመኑ! በሰባተኛው ቀን ዳግመኛ ዳስሰው «ደርቋል» ሲሉ ታቦቱ ይወጣል። ሴቶቹ ግን እልልታቸውን ውጠው ይቆያሉ፤ ታቦቱ በወይራው ምሰሶ አጠገብ እስኪያልፍ ማንም አፉን አይከፍትም።