የሙጬ አረም

አንድ ቀን፣ ክረምቱ ወጥቶ ማር መቆረጥ በጀመረበት ሰሞን፣ ግራዝማች እንግዳወርቅ የሚባሉ ባለብዙ ቀፎ ሰው ከጎረቤታቸው ከሙጬ ጋር በአንድ ጣሳ ማር ተጣሉ።

ሙጬ ድሃ ገበሬ ነው። ከማሳው ጫፍ ድንጋይ የበዛበት፣ እህል እምቢ ያለ ቦታ ነበረው። እዚያ ላይ «ራስ ክምር» የሚሉትን የዱር ተክል ከገደል አምጥቶ ተከለ። ራስ ክምር ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ አንዴ ከያዘም በየዓመቱ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ብርቱካንማ አበባውን ግንዱ ላይ ደርብ በደርብ ሲከምር ንብ አይለየውም። ግራዝማች በዚያ ባለፉ ቁጥር ይስቁበት ነበር።

«አንተ ሙጬ! ሰው አረም ይነቅላል፣ አንተ ትተክላለህ? ውሃም ታጠጣዋለህ አሉ።»

«ይጠማዋላ፣ ጌታዬ።»

«አህያ እንኳ አይበላውም!»

«ለአህያ አልተከልኩትም።»

ንቦቹ ግን የግራዝማች ነበሩ። ከሙጬ አበባ ሲቀስሙ ይውሉና ማታ ወደ ጌታቸው ቀፎ ይገባሉ።

በዚያ አገር ማር የቆረጠ ሰው ጎረቤቱን ሳያቀምስ ቢቀር ነውር ነው። ግራዝማች ግን ቆረጡ፣ ጋናቸውን ሞሉ፣ ደጃቸውን ዘጉ። የሙጬ ሚስት አንጓች አራስ ነበረች። ሽታው አጥር ተሻግሮ ሲመጣባት ማር አማራት። ሙጬ ጣሳ ይዞ ሄደ፤ ባዶውን ይዞ ተመለሰ። የአራስ አምሮት በዋዛ አይታለፍምና፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ግራዝማችን ሽማግሌ ፊት አቆማቸው።

«ንቡ የእሳቸው ነው፤ አልክድም» አለ። «አበባው ግን የኔ ነው። ለአራሴ አንድ ጣሳ ቢሰጡኝ ምን ይጎድልባቸዋል?»

ግራዝማች ሳቁ። «አበባ ይለዋል እንዴ! አረም እኮ ነው፣ እናንተ ሰዎች። በአረም ደግሞ ድርሻ የሚጠይቅ የት አገር አለ?»

ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው አቶ ድረስ ወደ ሙጬ ዞሩ። «እህ፣ ምን ትላለህ?»

ሙጬ ራሱን አከከ።

«እንግዲህ ትልቅ ሰው አረም ነው ካሉ፣ አረም ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳላርም ከረምኩ። ነገ ደቦ እጠራለሁ። ዘሩን ሳይጥል ከነሥሩ እንነቅለዋለን። ግራዝማችም አረም የሚያውቁ ሰው ናቸውና ከፊት ሆነው ቢመሩልን።»

የግራዝማች ሳቅ ቆመ። ከጓሯቸው ገና ያልተቆረጡ ቀፎዎች ነበሩ፤ ንቦቹም ማር እየሞሉ ነው።

«ቆይ እንጂ፣ ሙጬ… አሁን፣ እንዲህ አብቦ እያለ?»

«አረም እስኪያፈራ ይጠበቃል እንዴ፣ ጌታዬ?»

ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ፍርድ የሰጠ ማንም አልነበረም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ግራዝማች ጣሳውን እስከ አፉ ሞልተው፣ ራሳቸው ተሸክመው ከሙጬ ደጅ ቆሙ። ሙጬ ተቀበላቸውና በጣቱ ነካ አድርጎ ቀመሰ። ከዚያ እሳቸው እንደቆሙ ጣሳውን ለአንጓች አቀበላት።

«ብዪ» አላት፤ «ደግ አረም ነው።»